ሶላር እና የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ላይ፦ ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ

የሚገመገመው ይህ ነው፦ ባለ 550 ዋት 10 ፓነል፣ ባለ 6 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ከፓነል፣ ከባትሪና ከመስመር የሚመጣውን ኃይል አቀናጅቶ ለቤት የሚያቀርብ መሣሪያ)፣ ሁለት ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ (በድምሩ 10.24 ኪሎዋት ሰዓት) እና ከ8 እስከ 16 አምፔር የሚስተካከል ተንቀሳቃሽ የጂቢቲ (የቻይና የመኪና ቻርጅ ደረጃ) ቻርጀር። መኪናው ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ቢዋይዲ ሲጋል ነው።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። መኪናው ቀን ቀን ግቢ ውስጥ የሚቆም ከሆነ ስርዓቱ ግሩም ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት የሚገባ ከሆነ ግን የተገዛው መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል መጠባበቂያ ነው፤ ርካሽ ነዳጅ አይደለም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ቢጨምርም፣ በወር ሂሳብ ቅናሽ ብቻ የዚህን ዕቃ ዋጋ ቶሎ አስመልሳለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ስሌቱን እንደገና ይሥራ።

ሲጋል በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎሜትር ከ11 እስከ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በቀን 40 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ ከሶኬት የሚወጣው ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ10 አምፔር (2.2 ኪሎዋት ገደማ) ከሦስት ሰዓት በታች ያልቃል። ፓነሎቹ በኅዳር ጥርት ያለ ቀን ከ26 እስከ 28 ኪሎዋት ሰዓት ያመርታሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ከ15 እስከ 18፤ ጨፍግጎ በሚውልበት ቀን 7 ወይም 8 ብቻ። ስለዚህ የኃይል እጥረት የለም። ችግሩ ሰዓቱ አለመግጠሙ ነው፦ ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይሞላል፣ መኪናው ሥራ ቦታ ነው፣ ኢንቨርተሩም የሚቀበለው ስላጣ ምርቱን ይቀንሳል። በሥራ ቀን ከሚቻለው ግማሽ ያህሉ ሳይመረት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ማታ ከባትሪ ወደ መኪና መገልበጥ ይቻላል፤ ግን ኪሳራ አለው። ከፓነል የወጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት በባትሪ በኩል ዞሮ መኪናው ጋ ሲደርስ 7.5 ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ መኪናው 6 ከወሰደ ለፍሪጅና ለአምፖል የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ሌሊት መብራት ከጠፋ ቤቱ ይጨልማል። የተሻለው አሠራር መብራት ሲኖር ማታ ከመስመር ቻርጅ ማድረግ፣ ባትሪውን ከ50 በመቶ በታች እንዳይወርድ በኢንቨርተሩ ላይ መወሰን፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ 3 እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት በፀሐይ መሙላት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ባለ 40 አምፔር፣ ባለ ሁለት ፖል ቼንጅ ኦቨር (ከሁለት ምንጭ አንዱን የሚያስመርጥ ማብሪያ) ነው። አንዱ ጎን ከቆጣሪው በቀጥታ፣ ሌላው ከኢንቨርተሩ የመጠባበቂያ መውጫ። ቻርጀሩን ለዘለዓለም መጠባበቂያው ላይ ማሠር የሚያመጣው ጣጣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ይታያል፦ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ፣ መኪናው በ16 አምፔር ሌላ 3.5፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ 6። መብራት በሌለበት ሁለቱ ከተገናኙ ኢንቨርተሩ ይወድቃል፣ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራም ሳይበስል ይቀራል።

አሁን ብዙ ሰው ግራ ወደሚጋባበት ነገር። መብራት እያለ ያለ ችግር የሚሠራ ቻርጀር፣ መብራት ሲጠፋ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ቻርጀሩ አልተበላሸም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በፌዙ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) እና በኧርዙ (ከመሬት ጋር በተያያዘው ሽቦ) መካከል ያለውን ቮልቴጅ ይለካል፤ 220 አካባቢ ካላገኘ ኧርዝ የለም ብሎ ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ራሱን ሲቆርጥ ኒውትራሉንም (የመመለሻውን ሽቦ) አብሮ ከቆረጠው፣ ኒውትራሉ ከመሬት ጋር የነበረው ግንኙነት ይጠፋና ልኬቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። መፍትሔው ኢንቨርተሩ በመጠባበቂያ ሲሠራ ብቻ ኒውትራልን ከኧርዝ የሚያገናኘውን ሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ) ከሴቲንግ ማብራት ነው። ሪሌዩ የሌለው ኢንቨርተር ለመኪና ባይገዛ ይመረጣል። አንዳንድ ሠራተኛ በአቋራጭ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዝ እግሩ ጋር ያገናኘዋል። ቻርጀሩ ይታለላል፣ መሙላትም ይጀምራል። ኒውትራሉ አንድ ቦታ የተበጠሰ ዕለት ግን የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። ይህን ያደረገ ሰው ሁለተኛ ግቢ መግባት የለበትም።

ኧርዙ ራሱ ትኩረት ይፈልጋል። መረሬ አፈር በክረምት ጥሩ መሬት ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይላቀቃል፣ ቻርጀሩም ያለ ምክንያት የሚያቋርጥ ይመስላል። ባለ 1.5 ሜትር ሁለት ዘንግ በ3 ሜትር ርቀት ቀብሮ በመዳብ ሽቦ ማያያዝ፣ በበጋም ሥሩን ውኃ ማጠጣት ይበቃል።

ከቻይና የመጣው ቻርጀር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ባለ 16 አምፔር መሰኪያ አለው፤ እዚህ ቤት ያለው ሶኬት ክብ እግር ነው። በመሃል የሚገባው ርካሽ አዳፕተር ለስልክ የተሠራ ነው፣ ብዙውም ኧርዙን አያስተላልፍም። ከ10 አምፔር በላይ ለሰዓታት ሲጫን ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመር ይሳብ፦ 6 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ (RCD)፣ መጨረሻው ላይ ለመሰኪያው የሚገጥም ሶኬት። ግድግዳ ውስጥ ያለው የቆየ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ መስመር ከሌሎች ሶኬቶች ጋር የሚጋራ ከሆነ በ8 አምፔር ይወሰን።

ጣሪያው ላይ፦ 10 ፓነል በአንድ ተከታታይ መስመር ማያያዝ የተለመደ ስሕተት ነው። የእያንዳንዱ ክፍት ቮልቴጅ (ምንም ሳይጫንበት የሚለካው) 50 ገደማ፣ ድምሩ 500፤ ይህም በ25 ዲግሪ ነው። በታኅሣሥ ንጋት 5 ዲግሪ ሲሆን ቮልቴጁ 5 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ 525 ይደርሳል፤ ብዙ ኢንቨርተር የሚችለው ከፍተኛው ደግሞ 500 ነው። 5 በ5 ለሁለት መግቢያ መክፈል ይህን ያስቀራል። ከፓነል የሚመጣው መስመር ላይ የሚገጠመው ብሬከር የዲሲ (ከፓነልና ከባትሪ ለሚወጣው ኃይል የተሠራ) ይሁን፤ የኤሲው (የቤት መስመሩ) ብሬከር ሲከፈት የሚፈጠረውን የዲሲ እሳት ማጥፋት አይችልም።

የሮቶ ጥላ ከተጠበቀው በላይ ይጎዳል፤ አንድ ፓነል ላይ ያረፈ ጥላ አብሮት የተያያዘውን መስመር ያደክማልና። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ትቆማለች። 2 ሜትር ከፍታ ያለው ሮቶ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 1.3 ሜትር፣ በሰኔ ወደ ደቡብ ግማሽ ሜትር ጥላ ይጥላል። ከሁለቱም መራቅ ነው። ፓነሉ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ዝናብ ያጥበዋል፤ በበጋ ግን በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ሳይሞቅ፣ በለስላሳ መወልወያ መታጠብ አለበት።

የብዙ ኢንቨርተር ሙሉ አቅም የተጻፈው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ስለዚህ ከ5 ኪሎዋት በላይ ለረጅም ጊዜ አለመጫን፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አለመስቀል።

ትርፍ ኃይል ወደ መስመር እንዳይወጣ የሚቆጣጠረው ሴንሰር ከዋናው ገመድ ላይ በትክክለኛው አቅጣጫ መታሰር አለበት። ከተገለበጠ ኢንቨርተሩ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይልካል፣ አንዳንድ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪም የወጣውን እንደገባ ቆጥሮ ካርድ ይበላል። ቀላሉ ፈተና፦ ምጣዱን አብርቶ በስክሪኑ ላይ ከመስመር የሚገባው ቁጥር መጨመሩን ማየት።

በመኪናው በኩል አንድ ትንሽ ነገር አለች። የቻርጅ ሰዓት ቀጠሮ ሲያዝ የመኪናው ሰዓት በቤጂንግ ከቆየ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፤ ለቀኑ እኩለ ቀን የተያዘው ቀጠሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጀምርና ፀሐይ ገና ሳትበረታ የቤቱን ባትሪ ያራቁታል።

ከስድስት ወር በኋላ ኃይሉ ከሁለቱም ወገን ተቆርጦ የብሬከርና የሶኬት ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ። መዳብ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ይላላል። ከዚያ መኪናው አንድ ሰዓት ከሞላ በኋላ መሰኪያውን በእጅ መዳሰስ፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አምፔሩን ወደ 8 አውርዶ ኤሌክትሪሺያን መጥራት ነው።