ክሮስ፦ የግንባታ ስህተትን ያለ ስም የሚያስነብብ አገልግሎት

በግንባታ ሥራ ርክክቡ ሲያልቅ ሳይቱ ይበተናል፤ አማካሪውም ተቋራጩም ወደ ቀጣዩ ሥራ ሲያልፉ፣ ሶሌታው (የወለሉ የአርማታ ጠፍጣፋ) ለምን እንደተሰነጠቀ ወይም ድጋፉ ለምን እንደከዳ የሚያውቁት ሰዎች ዕውቀቱን ይዘውት ይሄዳሉ። ስህተትን በጽሑፍ ማስፈር ደግሞ ክስ መጋበዝ ስለሚመስል ደፍሮ የሚጽፍ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የተጀመረው ክሮስ ይህን ፍርሃት ነው የተረዳው። ባለሙያው ያየውን ጉድለት ወይም ለጥቂት የከሸፈ አደጋ ይልካል፤ አገልግሎቱ የሰውን፣ የድርጅቱንና የፕሮጀክቱን ማንነት ካስወገደ በኋላ የባለሙያዎች ጉባኤ አስተያየቱን አክሎበት በድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ለማንበብ ክፍያ አይጠየቅም። 72 ሰዎች ከሞቱበት የ2017ቱ የግሬንፌል ቃጠሎ በኋላ የእሳት ደኅንነትም ተካቶበታል።

የአገልግሎቱን ዋጋ በደንብ የሚያሳየው ራክ የተባለው በአየር አረፋ የተሞላ ቀላል የአርማታ ጠፍጣፋ ጉዳይ ነው። በ2018 በእንግሊዝ ኬንት አውራጃ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጣሪያ ቅዳሜና እሁድ ላይ ወደቀ፤ የጉዳት ምልክት የታየው ከመውደቁ 24 ሰዓት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። በግንቦት 2019 በአገልግሎቱ በኩል የወጣው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ከ1980 በፊት የተገጠሙት ጠፍጣፋዎች የአገልግሎት ዘመናቸው ማለፉንና መቀየራቸው ሊታሰብበት እንደሚገባ አስታውቋል፤ ጠፍጣፋው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ርዝመት ማነስና ውኃ የገባበት ፌሮ መዛግ የሚያስከትሉትን አደጋም ያስረዳል። መንግሥት ከ100 በላይ ትምህርት ቤቶች ጠፍጣፋው ያለባቸውን ክፍሎች እንዲዘጉ ያዘዘው ግን በነሐሴ 2023 መጨረሻ ነው። የክሮስ መዝገብ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ሰሚ ማፍራት አቅሙ አይደለም።

ከሪፖርቶቹ ይልቅ የጉባኤው አስተያየት ይበልጥብኛል፤ ላኪው ያላስተዋለውን ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው እርሱ ነው። ጉድለቶችም አሉት። ማንነትን ለመደበቅ ሲባል ልኬቶችና ፎቶግራፎች አልፎ አልፎ ስለሚቀሩ፣ ለማስላት የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። አገልግሎቱ የምርመራ ተቋም ባለመሆኑም የቀረበው ታሪክ የላኪው እይታ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳይት ላይ ፌሮ ለሚያስረው ፎርማን የሚደርሰው መሐንዲሱ ካስረዳው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮዶች ከአውሮፓ ኮዶች የተወሰዱ በመሆናቸው፣ በዲዛይን ላይ የሚነሱት ነጥቦች ለእኛ መሐንዲሶች እንግዳ አይሆኑም። ለጀማሪ የምመክረው ከማስጠንቀቂያዎቹ እንዲነሳ ነው፤ እነርሱ አጭርና የተብራሩ ሲሆኑ፣ የመዝገቡ ፍለጋ ግን ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ይመስላል።