ቆሻሻ ከመጫኑ በፊት ፈቃድ፦ የባዝል ስምምነት ሥራ ላይ ሲታይ

ሥራዬ ሰነድ መመርመር ነው። ድንበር ተሻግሮ ከሚሄድ አደገኛ ቆሻሻ ጋር የሚጓዘውን ወረቀት አገላብጣለሁ። ይህን ዝውውር የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ውል፣ የባዝልን ስምምነት፣ የማውቀው በፎርሙ በኩል ነው። ሰዎች ስለሆቴልና ስለባንክ አገልግሎት አስተያየት እንደሚሰጡት ሁሉ እኔም ስለዚህ አሠራር ልስጥ።

አካሄዱ ግልጽ ነው። ላኪው አገር ለተቀባዩ አገር በጽሑፍ ያሳውቃል። የቆሻሻው ዓይነትና መጠን፣ ያመነጨው ድርጅት፣ አጓጓዡ፣ የሚወገድበት ቦታና መንገድ ሁሉ ይሞላል። ተቀባዩ በጽሑፍ እሺ ካላለ ጭነቱ አይነሳም። ጭነቱ የሚያልፍባቸው አገሮችም ይጠየቃሉ፤ መልስ የሚሰጡበት 60 ቀን አላቸው። ከዚያ በኋላ ጭነቱን የተረከበ ሁሉ በየደረጃው ይፈርማል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ከዚያ በፊት የሆነውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1986 ኪያን ሲ የተባለች መርከብ ከፊላደልፊያ የቆሻሻ ማቃጠያ የወጣ 14 ሺህ ቶን ገደማ አመድ ጭና ተነሳች። የሚቀበላት አጣች። 4 ሺህ ቶን የሚሆነውን ማዳበሪያ ነው ተብሎ ሄይቲ ውስጥ ጎናይቭ ባሕር ዳርቻ ላይ ደፋችው። የቀረው ባሕር ውስጥ ተጣለ። በ1988 ደግሞ ናይጄሪያ ኮኮ ውስጥ ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ በበርሜል በአንድ ግለሰብ ግቢ ተከማችቶ ተገኘ። የባዝል ስምምነት በ1989 ጸድቆ በ1992 ሥራ ላይ ዋለ። የአፍሪካ አገሮች ግን ፈቃድ መጠየቅ ብቻ አይበቃም ብለው በ1991 የባማኮን ስምምነት አወጡ። እሱ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ ማስገባትን ጭራሽ ይከለክላል። ደግ አደረጉ።

ከባዝል አንቀጾች ሁሉ የምወደው መልሶ መውሰድን የሚያስገድደውን ነው። ጭነቱ ሕገወጥ ከሆነና ጥፋቱ የላኪው ወይም የአመንጪው ከሆነ፣ የላኪው አገር በ30 ቀን ውስጥ እንዲመለስ ማድረግ አለበት። ይህ ባይኖር የተያዘ ኮንቴይነር ሁሉ የተቀባዩ ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ባየሁት ግን ቀኑ ይገፋል። ማን ይክፈል በሚለው ደብዳቤ ይመላለሳል፤ ኮንቴይነሩ ፀሐይ ላይ ይከርማል። ስለጉዳት ካሳ የሚደነግገው ፕሮቶኮል በ1999 ቢወጣም ያጸደቁት አገሮች ስላልበቁ ሥራ ላይ አልዋለም። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ትልቁ ራስ ምታት ግን «ያገለገለ ዕቃ» ነው። አንድ ጊዜ «የሚሠሩ ኮምፒውተሮች» ተብሎ የተመዘገበ ኮንቴይነር አስከፈትን። በሩ ጋ ያለው ረድፍ በሥርዓት ታሽጓል። ከእሱ ጀርባ ስክሪናቸው የተሰባበረ፣ ገመዳቸው የተቆረጠ አሮጌ ሞኒተሮች በላይ በላያቸው ተጥለዋል። የእነዚያ ሞኒተሮች መስታወት እርሳስ አለበት። በፕላስቲካቸው ውስጥ ደግሞ እሳት እንዳይዛቸው የተጨመሩ የብሮሚን ኬሚካሎች ይኖራሉ። ከእነዚህ የተወሰኑትን፣ ለረጅም ጊዜ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ከ2009 ጀምሮ እንዲወገዱ በዝርዝሩ አስገብቷል። በቀላሉ አይበሰብሱም፤ ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ በእናት ጡት ወተት ለልጅ ይተላለፋሉ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሲሠራበትም አብረው ይሻገራሉ። ያም ሆኖ ስቶክሆልም ለዚህ ዓይነቱ ዳግም አጠቃቀም እስከ 2030 ሊዘልቅ የሚችል ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል። መርዝን ከሥሩ ለማጥፋት የተነሳ ስምምነት ይህን በር ክፍት መተው አልነበረበትም።

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ አንድ ነገር ቀሎልናል። ድሮ «አደገኛ አይደለም» የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለዚህ ፈቃድ ማለፍ ይችል ነበር። አሁን አደገኛም ሆነ አልሆነ ይጠየቅበታል። በአደገኛነቱ ላይ ስንከራከር የሚባክነው ጊዜ ቀርቷል። የቀረው ክርክር ዕቃው ቆሻሻ ነው ወይስ ዕቃ የሚለው ነው። «ተጠግኖ ይሸጣል» የሚል ላኪ አሁንም ብዙ ነው።

ነጥብ ስጥ ብባል ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በካሳው ጉዳይና አሜሪካ ፈርማ እስካሁን ባለማጽደቋ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። የስምምነቱ የቴክኒክ መመሪያ ያገለገለ ዕቃ እንደሚሠራ ተፈትሾ፣ የፍተሻ ማስረጃ ተያይዞለት፣ ለጉዞ በሚገባ ታሽጎ ይሂድ ይላል። ማስረጃውን በየዕቃው ጠይቁ። ለጠቅላላው ጭነት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አትቀበሉ። ኮንቴይነሩንም እስከ መጨረሻው ረድፍ ሳታስወርዱ አትፈርሙ።