«ሙሉ እድሳት የተደረገለት» የአውሮፕላን ሬዲዮ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ያገለገለ የአውሮፕላን ሬዲዮ በኢንተርኔት ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ መጀመሪያ የእኔን ጉድ ስሙ።

እዚህ ሜሪላንድ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በጋራ የገዛናት ሴስና 172 የምትባል አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን አለችን። ሬዲዮዋ ስላረጀ ከአንድ ያገለገሉ ዕቃዎች ነጋዴ ሌላ በ2,600 ዶላር ገዛን። መነጋገሪያውና የቪኦአር መቀበያው (ከመሬት ጣቢያ በሚመጣ የሬዲዮ ምልክት መስመር የሚያሳየው) በአንድ ሣጥን የተጣመሩበት ዓይነት ነው። ማስታወቂያው «ሙሉ እድሳት የተደረገለት፣ የ90 ቀን ዋስትና ያለው» ይላል። የአዲሱን ዋጋ አይተን ስለነበር ደስ ብሎን ከፈልን።

በጥቅምት ወር ከቨርጂኒያዋ ሮአኖክ ወደ ሜሪላንዷ ፍሬድሪክ ብቻዬን ስመለስ በ7,000 ጫማ ከፍታ ደመና ውስጥ ገባሁ። ከመስኮቱ ውጭ ከነጭ በቀር የሚታይ ነገር የለም። በተነሣሁ በ40ኛው ደቂቃ ገደማ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው አዲስ ፍሪኩዌንሲ እየነገረኝ ሳለ ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ወዲያው የቪኦአሩ መርፌ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ፤ ምልክቱ መጥፋቱን የምታስጠነቅቀው ባንዲራም ብቅ አለች። ያቺን ትንሽ ባንዲራ ልብ ያላላት አብራሪ፣ መርፌው መሐል ስለሆነ በትክክለኛው መስመር ላይ ነኝ ብሎ ከተራራ ጋር ሊላተም ይችላል። የብሉ ሪጅ ተራሮች ደግሞ ከጎኔ ናቸው።

ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ይሆን ብዬ አምፔር መለኪያውን አየሁ፤ ደህና ነው። ትራንስፖንደሩ (ለተቆጣጣሪዎቹ ራዳር የአውሮፕላኑን ቁጥር የሚልከው መሣሪያ) ላይ 7600 ሞላሁ፤ ሬዲዮ ለጠፋበት አብራሪ የተሰጠ ቁጥር ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የእጅ ሬዲዮ ነበረኝ፣ ባትሪው ግን በተቀመጠበት አልቋል። እሱ የራሴ ስንፍና ነው፤ በማንም አላላክክም። በታብሌቴ ጂፒኤስ እየተመራሁ የተፈቀደልኝን መስመርና ከፍታ ይዤ ቀጠልኩ። ታብሌት ደመና ውስጥ የአውሮፕላኑን መሣሪያዎች ብቻ እያዩ ለሚደረግ በረራ ሕጋዊ መመሪያ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ሌላ አልነበረኝም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከደመናው ወጣሁ። ሕጉ መሬት እያየህ መብረር ከቻልክ እንዲሁ እያየህ ቀጥል፣ በተመቸህ ቅርብ ጊዜም እረፍ ስለሚል፣ ሸለቆው ውስጥ የመቆጣጠሪያ ማማ የሌለው ማረፊያ ላይ አረፍኩ። ሞተሩን እንዳጠፋሁ ለተቆጣጣሪዎቹ ደወልኩ፤ ካልደወልኩ ሰማዩን ለእኔ ሲሉ ዘግተው ይጠብቃሉና።

ሬዲዮውን ነቅለን ወደ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ወሰድነው። ጠረጴዛው ላይ ሲያበሩት እንደ ወፍ ያወራል። ጓደኛዬ ሊናደድብኝ ሲል ሰውየው «ሻይ ጠጡና ተመለሱ» አሉን። ስንመለስ ሣጥኑ ግሎ ዝም ብሏል። ከፍተው አሳዩን፤ የኃይል ክፍሉ ብየዳ ተሰንጥቋል፣ ካፓሲተሮቹም ከፋብሪካ እንደወጡ ያልተቀየሩ ናቸው። ሲግል ብየዳው ይላቀቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይገጥማል። ከዚያ በረራ ጥቂት ቀናት በፊት በየ30 ቀኑ የሚደረገውን የቪኦአር ፍተሻ መሬት ላይ አድርጌ፣ ስህተቱ ከ4 ዲግሪ በታች ሆኖ ያለፈው ለዚህ ነበር። ፍተሻው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሣጥኑ መች ግሎ!

«ወረቀቱንስ አንብባችሁታል?» አሉ ባለሙያው። 8130-3 የሚባለውን፣ የአውሮፕላን ዕቃ ምን እንደተሠራለት የሚመሰክረውን ቅጽ ማለታቸው ነው። አላነበብነውም፤ ማኅተምና ፊርማ አይተን ረክተን ነበር። በቅጹ 11ኛ ሣጥን ላይ የሠፈረችው ቃል «ኢንስፔክትድ» ትላለች፤ ተፈተሸ ማለት ነው። ታደሰ ለማለት «ኦቨርሆልድ» መባል ነበረበት። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የተሰነጠቀው ብየዳ ነው። ነጋዴው ወረቀቱ ላይ አልዋሸም፤ የዋሸው ማስታወቂያው ላይ ነው።

ለነጋዴው ስንደውልለት ዋስትናው የሚቆጠረው ዕቃው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው አለን። ሬዲዮውን የገጠመልን ባለሙያ ዘንድ ሦስት ወር ወረፋ ስለጠበቅን፣ ሬዲዮው ገና ሳይበር ዋስትናው አልቆ ነበር። በትህትና «በ300 ዶላር ለመለዋወጫ ልግዛው» ሲል ደሜ ፈላ።

ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ የቅጹን ፎቶ አስቀድማችሁ አስልኩና 11ኛውን ሣጥን አንብቡ፤ የመለያ ቁጥሩንም ሬዲዮው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ዋስትናው ዕቃው ከተገጠመበት ቀን እንዲጀምር በጽሑፍ አስፈርሙ፤ እምቢ ካለ ተዉት። ከሁሉ በላይ የሚገጥምላችሁ ባለሙያ አንድ ሰዓት ሙሉ አብርቶ ሳያግለው እንዳይገጥመው።

ባለፈው ሳምንት የነጋዴውን ማስታወቂያ ደግሜ አየሁት። ፎቶው ተቀይሯል፤ «ሙሉ እድሳት የተደረገለት» የሚለው ግን እንዳለ ነው።