በቤት ውስጥ ጥቃት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ የምክር አገልግሎት፦ የአንድ ማዕከል ግምገማ

የእኅቴ ልጅ በእናቱ ላይ የሚደርሰውን ድብደባ እያየ በማደጉ፣ ከአባቱ ተለይተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላም በር ሲንኳኳ ይደነግጥ፣ ሌሊትም ይባንን ስለነበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የሕፃናት የምክር አገልግሎት ማዕከል ወሰድነው። ከሁሉ በላይ ማመስገን የምፈልገው ባለሙያዋን ነው። ስለ ሆነው ነገር አላጣደፈችውም፤ ምንጣፍ ላይ አብራው ተቀምጣ፣ በሩ ይዘጋ ወይስ ገርበብ ይበል የሚለውን እርሱ ራሱ እንዲወስን አደረገች። እርሱም ለረጅም ጊዜ ገርበብ እንዲል መረጠ፤ በአሻንጉሊት እየተጫወተም በአፉ ሊናገረው ያልቻለውን ቀስ በቀስ ማሳየት ጀመረ።

የተከተሉት ዘዴ ከ3 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 25 ክፍለ ጊዜ የሚወስድና ጥቃት ያልፈጸመውን ወላጅ የሚያሳትፍ፣ በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። እኅቴ የመኝታ ሰዓቱን እንዳትለዋውጥ፣ እንግዳ ሲመጣ አስቀድማ እንድትነግረው፣ ሲደነግጥም «ወንድ ልጅ አይፈራም» ከማለት ይልቅ አብራው በዝግታ እንድትተነፍስ አስተማሯት። «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ለሚሉ ዘመዶቻችን ይህን ባሳየኋቸው እላለሁ።

የመጠበቂያ ክፍሉ ግን ከአዋቂ ታካሚዎች ጋር የጋራ ነው፤ ድምፅ ከፍ ሲል ለሚሸማቀቅ ልጅ ይህ ፈጽሞ አይመችም፣ ሊስተካከልም ይገባል። ክፍያውም ልጅ ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት ከባድ ነው፤ ቅናሽ መኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ ስለሌለ ስትመዘገቡ ጠይቁ።