የልጄ ባለአራት ጎማ ሞተር ከ10 ወር በኋላ፦ ዳገቱን ያስወጣው ሮለሩ ነው

ለልጄ 90 ሲሲ ባለአራት ጎማ ሞተር ከገዛሁለት 10 ወር ሆነው። ልጁ 11 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ። ስለ ወንበሩና ስለ ፍሬኑ ብዙ አልልም፣ ደህና ናቸው። የማወራው በግራ በኩል ካለው ክዳን ሥር ስላሉት ስለ ቫሪዬተሩ (ማርሹን በራሱ የሚቀይረው ክፍል) እና ስለ ፍሪሲዮኑ ነው። ያደከሙኝ እነሱ ናቸውና።

ሜዳ ላይ ምንም አይወጣለትም ነበር። ጉዱ የፈላው ራምፓርት ሬንጅ የሚባለው ተራራ ስንወጣ ነው። ጎረቤታችን ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተራራው ላይ ያሉት የሞተር መንገዶች ግን 2,300 ሜትርን ያልፋሉ፤ አዲስ አበባ በሉት። ዳገቱ መሀል ሞተሩ ድምፁ ወፈረ፣ ታነቀ፣ ቆመ። "አባዬ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሰጥቼዋለሁ እኮ!" አለኝ ልጁ። ከኋላ በእግሬ ደርሼ ገፋሁት። ሁለቴ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካርቡሬተሩን ነው። ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸት ለብሷል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አነስ ባለ ቁጥር ቀየርኩት። ካንዴላው ጸዳ፣ ዳገቱ ግን ያው ነው።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ትንሽ ያሳፍረኛል። አንድ ቪዲዮ አይቼ የፍሪሲዮኑን ሦስት ትንንሽ ሞላዎች በጠንካራ ቀየርኩ። ጠንካራ ሞላ ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ እንዲይዝ ያደርገዋል። በወሬ ደረጃ ያምራል። ልጅ ድንጋይ መሀል ቀስ ብሎ ልለፍ ሲል ግን ሞተሩ ወይ አይነቃነቅም፣ ወይ ይወረወራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሸተተን። ማታ ከፍቼ ሳየው የፍሪሲዮኑ ከበሮ አንድ ጎኑ ከሙቀት የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል።

ሠፈራችን ውስጥ አዲስ አበባ ጋራዥ የኖሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። "ፍሪሲዮኑ ምን አደረገህ?" አሉኝ። "ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ የሚንፈራገጥ ታክሲ አይተህ አታውቅም? የአንተም እሱ ነው። ሮለሩን አቅልለው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫሪዬተሩ ውስጥ 6 ሮለሮች፣ ማለትም ትንንሽ ተንከባላይ ክብደቶች፣ አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይሸሹና ቺንጋው የሚዞርበትን የፊተኛውን ፑሌጃ አንድ ጎን ወደ ሌላው ይገፉታል። ፑሌጃው ሲጠብ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፤ ማርሽ ጨመረ ማለት ነው። ሮለሩ ከከበደ፣ ሞተሩ ጉልበቱ ላይ ሳይደርስ ማርሹ ይጨመርበታል። አየሩ ሲሳሳ ደግሞ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባሕር ጠረፍ ላይ ልክ የነበረው ክብደት እዚህ ሸክም ይሆናል። ፍሪሲዮኑ አንዴ ከያዘ በኋላ በዚህ ጉዳይ አያገባውም።

የእኔዎቹ ሮለሮች እያንዳንዳቸው 8 ግራም ነበሩ። በ6.5 ቀየርኳቸው። እንደ ፍየል ወጣ! ሜዳ ላይ ግን ይጮሃል እንጂ አይሄድም። በመጨረሻ ሦስት 6.5 እና ሦስት 7.5 አንድ እየዘለልኩ አስገባሁ። በአማካይ 7 ግራም መሆኑ ነው፤ ተስማማው። የድሮዎቹን ሞላዎችም መለስኩ። ሮለሮቹን በ15 ዶላር ነው የገዛሁት። ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ ሞተሩ መከፈት አለበት ብሎኝ ነበር።

ለምትሞክሩት ሁለት ነገር ልበል። የፊተኛው ፑሌጃ ገጽ ላይ ከመሀል እስከ ጠርዝ በማርከር መስመር ስቡና ንዱት። መስመሩ እስከጠፋበት ድረስ ቺንጋው ወጥቷል ማለት ነው። የእኔ በ6.5 ጠርዙ ጋ ሊደርስ ጣት ያህል ይቀረው ነበር፣ አሁን ይደርሳል።

ሁለተኛው ሲገጠም ነው። ቺንጋውን መጀመሪያ የኋላው ፑሌጃ ውስጥ ወደ ታች ጨምቃችሁ አስገቡት፣ ፊት ለፊት ይላላ። አለበለዚያ ዳዶውን ስታጠብቁ ቺንጋው መሀል ይቆነጠጣል። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፣ መንገድ ላይ ይላላና የሞተሩን ዘንግ ጥርስ ይበላል። እኔ አንዴ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። የፑሌጃውን ገጽ ደግሞ ግሪስ እንዳይነካው።

ፍጥነት አልጨመረም፣ እንዲጨምርም አልፈለግሁም። የነዳጅ መገደቢያዋ ብሎን ፋብሪካው እንዳደረጋት ናት። ልጁ በየሳምንቱ ይለምነኛል፣ እኔም በየሳምንቱ እምቢ እላለሁ።

ቺንጋው አዲስ ሲሆን 18 ሚሊሜትር ስፋት ነበረው፤ አሁን 17.4 ነው። 17 ሲገባ እቀይረዋለሁ። ከበሮው ላይ ያ ሰማያዊ ምልክት እስካሁን አለ፤ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ይንጫጫል። በበረዶው ወራት ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ዝግ ስለሆነ፣ እስኪከፈት አዲስ ከበሮ አዝዣለሁ።