በየጠዋቱ የምሞላው ሰዓት

ባትሪ የሌለው፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስልክ ኪሴ ውስጥ እያለ ምን አስፈለገኝ? ምንም። የገዛሁት ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሰዓት ጠዋት ጠዋት መሙላት የኔ ሥራ ስለነበር ነው። «ሲጠጥርብህ አቁም» ይለኝ ነበር። ያቺን መጠጠር ጣቴ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ስለዚህ ከመሙያው ልጀምር። ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ስላለው ጣት ላይ አያንሸራትትም። ሲዞር ከውስጥ ቅጭ ቅጭ የሚል ስስ ድምፅ አለው፣ እኔ ለዚህ ድምፅ ስል ሬዲዮ እዘጋለሁ። መጀመሪያ ልል ነው፤ ወደ ሠላሳኛው ዙር ገደማ ሞላው እየከበደ ይመጣና እምቢ ይላል። እዚያ ላይ ማቆም ነው። እጃችሁ ላይ እንዳለ ግን አትሙሉት፣ መሙያውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ትጎዳለች። አውልቁት።

አንዴ ከሞላ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ጆሮ ላይ ሲጠጉት በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል። ጀርባው መስታወት ስለሆነ ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዘው ትንሽ ጎማ ትታያለች። ቀያዮቹ 17 ድንጋዮች ለጌጥ አይደሉም፤ ዘንጎቹ እነሱ ላይ ስለሚሽከረከሩ ብረቱ ቶሎ አይበላም።

ልክነቱ ላይ አልዋሽም፣ በቀን 10 ሰከንድ ገደማ ወደኋላ ይቀርብኛል። የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ሴይኮ የመጀመሪያውን ኳርትዝ፣ ማለትም በባትሪ ኃይል በሚርገበገብ ክሪስታል የሚሠራ የእጅ ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ለገበያ ካወጣ ጀምሮ በልክነት ባለ ባትሪው እንደሚበልጥ የታወቀ ነው። የዛሬዎቹ ባለ ባትሪዎች ክሪስታል አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፣ የኔ 6 ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

አንዴ ደግሞ ስፒከር ላይ አሳደርኩትና በማግስቱ እየቀደመ አስቸገረኝ። ማግኔቱ የውስጡን ፀጉር የመሰለ ሞላ አጣብቆት ነው። ሰዓት ሠሪው ማግኔቱን ሲያወጣለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ተበላሸብኝ ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር።

ሰዓት ለማወቅ ብቻ ከሆነ ባለ ባትሪ ግዙ፣ ይሻላችኋል። መሙላቱን የምትፈልጉ ከሆነ ግን ስለ መልኩና ስለ ማሰሪያው ብዙ አትጨነቁ፣ ማሰሪያ ይቀየራል። ሻጩ ሞልቶ ሲያሳያችሁም እሺ አትበሉ። የቆመውን ተቀበሉትና እስኪጠጥር ድረስ ራሳችሁ ሙሉት። ጣታችሁ ካልወደደው መልሱለት።