ታጥቦ አልጠግብ ላለ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። የ10 ዓመት ልጄን ስትረዳልን የቆየችውን የሥነ ልቦና ባለሙያ ላመሰግን፣ በዚያውም እንደኛ ለተቸገረ ወላጅ ልጠቁም ነው። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቀችኝ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

የልጄ ሕመም ኦሲዲ ይባላል፤ የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንዱን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራ የአእምሮ ሕመም ነው። እኛ ቤት ስሙ ወስዋስ ነው። ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት) አድርጎ ሊጨርስ ሲል «ተረከዜን ውሃ አልነካውም» ይልና ከሀ ይጀምራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአንድ ሶላት አንድ ጀሪካን ሲያልቅ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ደግሞ እጅ በላርጎ መፈተግ። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ስቀባው እንኳ «እማ፣ አንቺ ታጥበሻል?» ይለኛል። «አዎ» እለዋለሁ። መልሶ ይጠይቀኛል።

«ሲያድግ ይተወዋል» ያለን ባለሙያ ነበር። ዘመድ ደግሞ «አማኑኤል ልትወስጂው ነው እንዴ?» ብሎ አፉን ይይዛል፤ ታሞ የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ ምኑ እንደሚያሳፍር እስካሁን አልገባኝም።

ይህችን እህት የምወድላት ለቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ መስጠቷን ነው። ገና ስንገናኝ «እሱ ሲጨነቅ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» አለችን። አባቱ በር ይከፍትለታል፣ እኔ «ንጹሕ ነህ» እለዋለሁ፣ አማቴ ውሃ ያሞቁለታል። ይሄ የትም ቤት ያለ ነው አለች፤ ለጊዜው ያረጋጋዋል፣ ግን «የተረፍኩት ስለታጠብኩ ነው» የሚለውን ሐሳቡን ስለሚያጸናለት ወስዋሱ በማግስቱ ብሶበት ይመጣል። ስለዚህ እርዳታችንን ቀስ በቀስ፣ እሱም አስቀድሞ እያወቀና እየተስማማ እንድንቀንስ አደረገችን። አሁን «ንጹሕ ነኝ?» ሲለኝ «ይሄን የሚጠይቀኝ ወስዋሱ ነው፤ እንደከበደህ አያለሁ፣ ለእሱ ግን አልመልስም» እለዋለሁ። ቁጣ የለም፣ ምክርም የለም። መጀመሪያ ሰሞን ያለቅስ ነበር፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ከልጁ ጋር ደግሞ የሚያስፈራውን ሁሉ ከ0 እስከ 10 እየመዘኑ በደብተሩ ላይ መሰላል ሠሩ። ታች የበር እጀታ፣ መሃል ላይ ወያላ የሚመልሰው ያረጀ የ10 ብር ኖት፣ ጫፍ ላይ የትምህርት ቤት መጸዳጃ። ብሩን ጨብጦ ሳይታጠብ ይቀመጣል፤ እሷ በየመሃሉ «አሁን ስንት ሆነ?» ትለዋለች። 8 ያለው 5 ሲሆን ዞር ብሎ አየኝ፤ ራሱ ገርሞታል። ዘዴው የእሷ ፈጠራ እንዳልሆነ፣ ቪክቶር ማየር የተባለ ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ካሳተመው ጽሑፍ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ መሆኑን ነግራናለች።

ውዱኡን ግን አልነካችውም። «በሃይማኖቱ የምፈርደው እኔ አይደለሁም፤ መምህሩን አምጡልኝ» አለች፣ እሷ ክርስቲያን ናት። ኡስታዙ መጥተው «ከሦስት ጊዜ በላይ መታጠብ የለም። ከጨረስክ በኋላ የመጣብህን ጥርጣሬ አትስማው» አሉት። እኔ ደስ ብሎኝ «እንግዲህ ሲጠራጠር ለኡስታዙ እንደውልለታለን» ስል ሳቀች። ደጋግሞ ኡስታዙን መጠየቅም ያው ወስዋስ ነውና አንድ ጊዜ የተነገረው ይበቃዋል።

አባቱ ስለ መድኃኒት ሲጠይቃት ማዘዝ የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ነግራ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችን። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ112 ልጆችና ታዳጊዎች ላይ በተደረገ ጥናት እንዲህ ያለው ሕክምናና ሰርትራሊን የተባለው መድኃኒት ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ይበልጥ እንደረዱ አስረድታዋለች። ሐኪሙ ለጊዜው ያለ መድኃኒት ቀጥሉ ብሎናል።

ድኗል አልላችሁም። ፈተና ሲደርስ ይነሳበታል። ግን አልሐምዱሊላህ፣ ከአባቱ ጋር ለጀመዓ (ለኅብረት ሶላት) ይደርሳል፣ እጁም አገግሟል።

ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፤ ስንት እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ትነግራችኋለች። ቅዳሜ ወረፋዋ ረጅም ነው። ፒያሳ የነበረው ቢሮዋ በኮሪደር ልማቱ ስለፈረሰ አሁን ስድስት ኪሎ ናት፤ የድሮውን አድራሻ ይዛችሁ እንዳትንከራተቱ። ስልክም ቶሎ አታነሳም፣ የልጁን ዕድሜና የሚያስቸግረውን ነገር በአጭሩ ጽፋችሁ ላኩላት፤ ማታ ማታ ትመልሳለች።